ነጭ ወይስ ቡናማ?

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ቤታችን ግድግዳ ነው። «ግድግዳ ደግሞ ምን ይወራለታል?» እንዳትሉ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ባለፈው ጥቅምት አባቴ በግ ሸጦ ቤታችንን ከውስጥ ቀለም ሊቀባ አሰበ። ብሩ ግን የሚበቃው ለአንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ነው። እናቴ «ነጭ ይሁን» አለች። አባቴ ደግሞ «ነጭማ በምድጃው ጭስ ወዲያው ይጠቁራል፤ እንደ ጭላዳ ፀጉር ቡናማ ይሻላል። ጠቆር ያለ ቀለም ያሞቃል» አለ። የቡይት ራስን ብርድ ታውቁት የለ! ስላልተስማሙ «የምታጠናበት አንተ ነህ፤ አንተ ምረጥ» አሉኝ። እኔም ቡናማ ልል ነበር። በየጊዜው ግድግዳ ጥረግ መባል አልፈልግማ!

ግን የሳይንስ ትምህርት ትዝ አለኝ። ነጭ ነገር ብርሃንን ይመልሳል፤ ጥቁር ነገር ይውጠዋል። ጥቁር ልብስ የሚሞቀውም ፀሐይ ሲያገኘው ነው፤ የቤታችንን ግድግዳ ከውስጥ ፀሐይ አያገኘውም። ስለዚህ ማታ ልሞክረው አልኩ። በሶላሩ መብራት አጠገብ መጀመሪያ የአባቴን ቡናማ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ቀጥሎ እሱን አውርጄ የእናቴን ነጭ ነጠላ ሰቀልኩ። ወዲያው አያቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው «ማነው መብራት የጨመረው?» አሉ።

ሁላችንም ዝም አልን። የአያቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ማታ ማታ ግድግዳውን እየዳሰሱ በሩን ሲፈልጉ አያቸው ነበር። በክረምት እንዲያውም ምሰሶው መቷቸው ግንባራቸው ቆስሏል። እኔ ግን ስለ መጥረጉ እንጂ ስለ እሳቸው አላሰብኩም። አፈርኩ።

«ነጭ ይሁን» አልኩ። አባቴ «ጭሱስ?» ሲል እናቴ «ምድጃውን ወደ ማድ ቤት እናወጣዋለን» አለች። «ታዲያ አይበርድዎትም?» አልኳቸው አያቴን። «ልጄ፣ ብርዱን በጋቢዬ እችለዋለሁ፤ በሩን ማጣት ነው የከበደኝ» አሉኝ።

ከአባቴ ጋር ደባርቅ ወርደን ነጭ ቀለም ገዛን። አሁን ግድግዳው ነጭ ነው፤ በሩና ምሰሶው ግን እንደ ድሮው ጥቁር እንጨት ናቸው። አያቴ በሩን ሳይዳስሱ ያገኙታል። እውነቱን ለመናገር ማታ ይበርዳል፤ ግድግዳውንም የምጠርገው እኔው ነኝ። ግን አይቆጨኝም።

ጓደኞቼ፣ የእናንተስ ቤት ምን ዓይነት ነው? ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ከቤታችሁ ሰው ዓይኑ የደከመ ማን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በሰልፍ ሰዓት ንገሩኝ። ቸር ያገናኘን!