በወረቀት ሸማኔ

ታላቅ ወንድሜ የፋብሪካ ሠራተኛ መታወቂያ ነበረው። የሥራ መደብ በሚለው ቦታ ላይ «የሽመና ረዳት» ተብሎ ተጽፏል። አንድም ቀን ግን ሽመና ክፍል ገብቶ አያውቅም። ሥራው ኳስ ነበር። ጠዋት ልምምድ ይሠራል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ይጫወታል፣ ወሩ ሲያልቅ ከእውነተኞቹ ሸማኔዎች ጋር ተሰልፎ ደመወዙን ይቀበላል። ዘመኑ ደርግ ነው። ስፖርተኛ ለፍቅርና ለአገር እንጂ ለገንዘብ አይጫወትም ይባል ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል።

የተጫዋቾች ደመወዝ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ይህ መታወቂያ ትዝ ይለኛል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የፕሪሚየር ሊጋችን ክለቦች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲስማሙም ትዝ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ «በጎን ይከፈላል» የሚለው ሐሜት አልቆመም፤ ከሐሜቱ ሥር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው «ድሮ እኮ ለማሊያ ፍቅር ነበር የሚጫወቱት» ብሎ ይጽፋል። ይህ «ድሮ» የቱ ነው? እኔ የማውቀው ድሮ የወንድሜ መታወቂያ ነው። እስቲ ከዚያ በፊት የነበረውን ልየው ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ የዋንጫ ውድድር ሁሉ አባት እስከሚባለው እስከ እንግሊዙ ኤፍኤ ካፕ ድረስ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤፍኤ ካፕ የተጠነሰሰው በ1871 ነው። ሐሳቡን ያመጣው የማኅበሩ ጸሐፊ ቻርለስ አልኮክ ነው። 15 ክለቦች ተመዘገቡ። ክፍያ የለም፣ ደመወዝ የለም፤ ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ከትላልቆቹ ትምህርት ቤቶች የወጡ የባለጸጋ ልጆችና መኮንኖች ነበሩ። የመጀመሪያው ፍጻሜ ማርች 16 ቀን 1872 ለንደን ውስጥ ኦቫል በተባለው የክሪኬት ሜዳ ተካሄደ። ዋንደረርስ ሮያል ኢንጂነርስን 1 ለ 0 አሸነፈ። ግቧን ያስቆጠረው ሰውዬ በራሱ ስም እንኳ አልተሰለፈም፤ ሞርተን ቤትስ የውሸት ስም አስጽፎ ነበር የተጫወተው። ከመሐንዲሶቹ ወገን አንዱ መኮንን ጨዋታው ገና ሳይሞቅ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ እስከ መጨረሻው ሜዳ ላይ ቆየ። ጀግንነት ነው፣ አልክድም። ግን ሰኞ ጠዋት ደመወዙ አይቀርበትም።

ከፍጻሜው ይልቅ እኔን የያዘኝ የግማሽ ፍጻሜው ታሪክ ነው። ከስኮትላንድ የመጣው ኩዊንስ ፓርክ ከዋንደረርስ ጋር 0 ለ 0 ወጣ። ደንቡ ጨዋታው ይደገም ይላል። ግላስጎዎች ግን ለንደን ለመሰንበቻም ሆነ ተመልሶ ለመምጫ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ከውድድሩ ወጡ። ዋንደረርስ ለፍጻሜ ያለፈው እንደዚያ ነው። ማንም ያልተከፈለበት ንጹሕ የሚባለው ውድድር፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ገንዘብ ለይቶበታል፤ በባቡር ትኬት በኩል።

በ1879 ይኸው ነገር ብሶ ታየ። ዳርዌን የላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ናት። ቡድኗ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ ኦልድ ኢቶኒያንስ ደረሰው፤ የኢቶን ትምህርት ቤት ምሩቃን፣ አምበላቸው ባለባንኩ አርተር ኪናርድ። ዳርዌኖች 5 ለ 1 ሲመሩ ቆይተው 5 ለ 5 አደረጉት። ጭማሪ ሰዓት እንጫወት ቢሉ ኢቶኖች እምቢ አሉ። ስለዚህ እንደገና ለንደን። ሁለተኛው 2 ለ 2 አለቀ። እንደገና ለንደን፤ ጨዋታው አንዴም ወደ ዳርዌን አልሄደም። የከተማው ሰው ለጉዞው አዋጣ፣ የፋብሪካ ሠራተኞቹም ሥራቸውን እየተዉ ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱ። ሦስተኛው ላይ 6 ለ 2 ተሸነፉ። እግራቸው ያልዛለ ይምጣና ይፍረድ።

ያ የዳርዌን ቡድን ውስጥ ፈርገስ ሱተር የሚባል ስኮትላንዳዊ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ዳርዌን ከገባ በኋላ ሙያውን ተወ። ለምን ሲባል፣ የላንክሻየር ድንጋይ ከስኮትላንዱ ይጠነክራል፣ እጅ ያሳብጣል አለ። ታዲያ በምን ይኖር ነበር? ይህን የጠየቀ ሁሉ መልሱን ያውቅ ነበር። (ኔትፍሊክስ ላይ ያለውን ተከታታይ ፊልም አይታችሁ ከሆነ፣ ሱተር በ1883 ዋንጫ ሲያነሳ የሚታየው የፊልም ነው። በዚያ ዓመት የወሰደው የእሱ ቡድን አልነበረም።)

የወሰደው ብላክበርን ኦሊምፒክ ነው። ይህን ቡድን እወደዋለሁ። ሦስት ሸማኔ፣ አንድ ፈታይ፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ አንድ የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ረዳት፣ አንድ የሥዕል ፍሬም ሠሪ። በመታወቂያ ብቻ ሳይሆን በእጃቸው። ከትልልቆቹ ጨዋታዎች በፊት የብረት ፋብሪካ ባለቤት የሆነ አንድ ደጋፊያቸው ወጪውን ችሎ ብላክፑል የባሕር ዳርቻ ወስዶ አሠለጠናቸው። ማርች 31 ቀን 1883 ኦልድ ኢቶኒያንስን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፉ። የማሸነፊያዋን ግብ ያገባው ጂሚ ኮስትሊ ፈታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አማተር ቡድን ያንን ዋንጫ አላነሳም።

የደቡቡ ጋዜጣና የማኅበሩ ሰዎች ግን ደስ አላላቸውም። ለሥልጠና ስንት ቀን ከሥራ ቀሩ? በዚያ ቀን ማን ከፈላቸው? ኤፍኤ በ1882 ያወጣው ደንብ ከእውነተኛ ወጪና በእርግጥ ከቀረ ደመወዝ በላይ የተቀበለ ሰው ከውድድሩ ይታገዳል ይላል። ወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ባለባንኩ ኪናርድ ምንም አልቀረበትም፣ ስለዚህ ንጹሕ ነው። ሸማኔው የቀረበትን ቢጠይቅ ተጠርጣሪ ይሆናል።

ሁሉም እየዋሸ ሳለ አንድ ሰው እውነቱን ተናገረ። ጃንዋሪ 1884 ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ከለንደኑ አፕተን ፓርክ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። አፕተን ፓርክ «ተጫዋቾቻቸው ይከፈላቸዋል» ብሎ ከሰሰ። የፕሬስተኑ መሪ ዊልያም ሱዴል አልካደም፤ ተጫዋቾቹን ሥራ እያስቀጠረ እንዳመጣቸው፣ ሌላውም ሁሉ ይህንኑ እንደሚያደርግ ተናገረ። ፕሬስተን ከውድድሩ ተባረረ። እውነት መናገር ያስቀጣል ማለት ነው። ያ ቅጣት ግን የሰሜኑን ክለቦች አሳበደ፤ የራሳችንን ማኅበር እናቋቁማለን ብለው አስፈራሩ። ጁላይ 1885 ኤፍኤ ተሸንፎ ክፍያን ሕጋዊ አደረገ።

ሱዴልን ቅዱስ ላድርገው ብዬ ነበር፣ አልሆነም። በሚያስተዳድረው የጥጥ ፋብሪካ ገንዘብ ላይ እጁን ከትቶ ለክለቡ ሲያወጣ ኖሮ በ1895 ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ክለብ የራሱ ገቢ ሳይኖረው ከፋብሪካ ካዝና ሲበላ መጨረሻው ምን እንደሚመስል የእኛም አገር ክለቦች ቢያዩት ደግ ነው።

ክፍያ ከተፈቀደ በኋላ አማተሮቹ የራሳቸውን ዋንጫ ከ1893 ጀምረው አቋቋሙ። መጀመሪያ የባለጸጋ ልጆች ማረፊያ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የሰሜን ምሥራቅ የማዕድን ከተሞች ወሰዱት። ቢሾፕ ኦክላንድ 10 ጊዜ አነሳው። በ1951 ፍጻሜውን ለማየት ዌምብሌይ 100,000 ሰው ገባ። የማንቸስተር ደጋፊዎች ይህን ልብ በሉ፦ በ1958 ከሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ በኋላ ክለባችሁ ተጫዋች ሲያጣ ቢሾፕ ኦክላንድ ሦስት አማተሮች አውሶታል። አንዱ፣ ዋረን ብራድሊ፣ መምህር ነበር፤ በ1959 ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። እንዲህ ያለ እውነተኛ አማተር ነበር። ግን ጎን ለጎን «የጫማ ገንዘብ» የሚባል ነገርም ነበር፤ ከጨዋታ በኋላ ተጫዋቹ ጫማውን ሲያነሳ ውስጡ ብር ያገኛል። በ1974 ኤፍኤ አማተርና ባለሙያ የሚለውን ልዩነት ሰረዘው፤ የአማተሩ ዋንጫም በዚያው አበቃ። ማኅበሩ ውሸቱን ለመጻፍ ደክሞት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወንድሜ ዘጠኝ ዓመት ተጫወተ። ጉልበቱ የሄደው በዝናብ የራሰ ሜዳ ላይ ነው። የሥራ ላይ ጉዳት ነው ብሎ አመለከተ። ፋብሪካው መዝገቡን አየ፤ የሽመና ረዳት ነህ፣ በጉዳቱ ቀን የሽመና ክፍል ውስጥ አደጋ አልተመዘገበም ተባለ። ሲሻለው ደግሞ ወደ መደብ ሥራህ ተመለስ ተባለ። ሄደ። የሽመና መኪናውን እንዴት እንደሚያስነሱት እንኳ አያውቅም። እውነተኞቹ ሸማኔዎች፣ ግብ ሲያገባ ትከሻቸው ላይ የተሸከሙት ሰዎች፣ አዘኑለት፤ ሊያስተምሩትም ሞከሩ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ጉልበት መቆም ስላልቻለ በአራተኛው ወር ለቀቀ። አሰልጣኙም፣ ስፖርት ክፍሉም ሊመሰክሩለት አልቻሉም፤ ቢመሰክሩ ራሳቸው ሐሰተኛ መዝገብ መያዛቸውን ማመን ነበረባቸው።

ባለፈው የብላክበርንን ታሪክ ነገርኩት። ሦስቱ ሸማኔዎች ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«የእውነት ሸማኔ?»

«የእውነት።»

ትንሽ ዝም አለና ጉልበቱን እያሸ፣ «እነሱስ ሲጎዱ የሚመለሱበት ነበራቸው» አለ። ከዚያ የምሽቱ ጨዋታ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቀኝ።