የብረት ለበሱ ማውስ

ሚሌኒየሙ በተከበረ ሰሞን፣ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ በሚያጠና ቡድን ውስጥ አዲስ ገቢ ነበርኩ። ሥራችን ከመተሐራ እስከ ገዋኔ ባለው ቆላ ነው። በሁለት የብረት ካስማዎች ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንሰዳለን፤ በሌሎች ሁለት ካስማዎች መካከል ቮልቴጁን እንለካለን። ካስማዎቹን እያራራቅን በሄድን ቁጥር ከጥልቁ ወሬ ይመጣልናል። ቁጥሮቹን ተቀብሎ ወደ መስመር የሚለውጥልንን ላፕቶፕ «ብረት ለበሱ» እንለው ነበር።

ስሙ አልበዛበትም። የሚንጠለጠልበት እጀታ አለው፤ ሽፋኑ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክዳን አላቸው። የዚህ ዓይነቱ ማሽን ስሙ የገነነው ፓናሶኒክ በ1996 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ባዋለው ተፍቡክ ነው፤ የእኛው ግን የሌላ ድርጅት ሥራ ነበር። አንድ ቀን ዓይኔ እያየ ከመኪናው ወለል ላይ ተንሸራቶ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ክው ብዬ ስቀር ሾፌራችን አነሳና በሸሚዙ ጠረገው። «እሱ ደህና ነው፣ ድንጋዩን እዪልኝ» አለ።

የሚያስቸግረን በጣት የሚዳሰሰው ሰሌዳ ነበር። ጓንት ላጠለቀ እጅ እንዲሆን በግፊት የሚሠራ ስለሆነ፣ ቀለል አድርገው ቢነኩት አይሰማም። እኛ ደግሞ አሸዋው የት አልቆ ባዛልቱ የት እንደሚጀምር ለመገመት፣ ስክሪኑ ላይ የንብርብሮቹን ድንበር በጥቂት በጥቂቱ መጎተት ነበረብን። ላብ ባረጠበው ጣት ድንበሩ ወይ አልነቃነቅ ይላል፣ ወይ ካሰብነው አልፎ ይሄዳል።

«አንቺ ልጅ፣ አዲስ አበባ ስትገቢ ማውስ ይዘሽ ነይ» አሉኝ የቡድኑ አንጋፋ ቴክኒሺያን።

«ምን ዓይነት፣ ጋሼ?»

«ቢጠፋ የማናለቅስለት።»

መርካቶ ባለሱቁ ያለውን ደረደረልኝ። ባለ ኳሱ የድሮ ማውስ ርካሽ ነው፤ ግን ኳሱ የነካውን አቧራ ሁሉ እያንከባለለ ወደ ሆዱ ያስገባል። ገመድ አልባው ዓይኔን ሳበው፤ ነገር ግን ባትሪ ይፈልጋል፣ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካው መቀበያም ያኔ ጣት ያህል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። በዚያ መንገድ እየተንገጫገጨ ስንት ቀን ይቆያል? «እህቴ፣ እሱን ውሰጂው፣ ዘመናዊ ነው» ቢለኝም ባለ ገመዱን ኦፕቲካል ይዤ ወጣሁ።

ላንድክሩዘሩ ኮፈን ላይ ስንሞክረው ቀስቱ እንደ ፌንጣ ዘለለ። ኦፕቲካል ማውስ ከሥሩ ያለውን ገጽ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ፎቶ እያነሳ፣ አንዱን ምስል ከሌላው እያነጻጸረ ነው የተጓዘበትን የሚያውቀው። የሚያብለጨልጭ ቀለም ደግሞ ለማነጻጸር የሚሆን ምልክት አይሰጠውም። ጋሼ ምንም ሳይሉ ካኪ ፖስታ አነጠፉለት፤ ጸጥ ብሎ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ያ ፖስታ ከመለኪያዎቹ ጋር በሣጥን ይቀመጥ ጀመር።

ሥራ ባበቃን ቁጥር ገመዱን ነቅለው የዩኤስቢውን ክዳን በአውራ ጣታቸው የሚጫኑትም እሳቸው ነበሩ። አይፒ 65 የሚለው ማረጋገጫ አቧራ ጨርሶ እንደማይገባና በኃይል የሚረጭ ውኃ እንደማይጎዳው ይናገራል፤ ይህ ግን ክዳኖቹ ሲዘጉ ነው። ማውስ በተሰካ ጊዜ ብረት ለበሱ ጥሩሩን ከፍቶ እንደቆመ ይቆጠራል። ብሉቱዝ ማውስ ያለ ቀዳዳ የሚገናኝ በመሆኑ በዚህ ይበልጣል፤ የዚያን ጊዜው ማሽናችን ግን ብሉቱዝ አልነበረውም።

ከሁሉ ያስገረመኝ በኋላ የመጣው ነው። አብሮን የሰነበተ አንድ ጂኦፊዚሲስት ሎጊቴክ ትራክማን ማርብል ይዞ ነበር፤ ማውሱ ባለበት ይቀመጣል፣ በጣት የሚንከባለለው ቀዩ ኳስ ብቻ ነው። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ፣ የትራክቦል፣ ሐሳብ ከማውስ ይቀድማል፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለካናዳ ባሕር ኃይል የተሠራው የቦውሊንግ ኳስ ነበር የተገጠመለት። ጠረጴዛ ስለማይፈልግ መኪና ውስጥ ጭን ላይ አስቀምጠን ሠራንበት። አቧራ ሲይዘው ኳሱን ከሥር ገፍቶ ማውጣት፣ የሚያርፍባቸውን ሦስት ነጥቦች መጥረግ፣ መመለስ፤ አለቀ። ቅርጹ ለሁለቱም እጅ እኩል በመሆኑ ግራኝ የነበሩት ጋሼ ከእጃቸው አልለይ አሉ፤ ባለቤቱ ሲሄድ ትቶላቸው ሄደ።

ዛሬ ወደ መስክ የሚወጡ ልጆች ለጠንካራ ላፕቶፕ ጠንካራ ማውስ የት እንደሚገኝ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ እጃችሁን የት አሳርፋችሁ ነው የምትሠሩት እላቸዋለሁ። ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ ካለ ርካሽ ባለ ገመድ ማውስ፣ ከነመጠባበቂያው። ዝናብና አቧራ ከበዛ ብሉቱዝ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ። ጭን ላይ ከሆነ ትራክቦል። መውደቁን ላፕቶፑ ይቻለው፤ ማውሱ ለእጅ ይመች።