የደበቅነው ቁስል

 

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የዶርም ወንድማችን ከጁምዓ ሰላት ተመልሶ ምንም ሳይናገር ተኛ። ለመግሪብ ስንቀሰቅሰው መቆም አቃተው። መንገድ ላይ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ጀርባውንና ጭኑን በዱላ ደብድበውት ነበር። "ክሊኒክ እንሂድ" ስንለው "ማን መታህ ብለው ቢጠይቁኝስ? አሳልፈው ቢሰጡኝስ?" አለን። እኛም ፈራን። ቅባት ቀባነው፣ ዱዓ አደረግንለት፣ ተኛን።

ሌሊት ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ጠቆረ። ከመካከላችን ጤና የሚማረው ወንድም ይህን ሲሰማ ከአልጋው ዘሎ ወረደ። ክፉኛ የተደበደበ ጡንቻ ሲፈርስ ከውስጡ የሚወጣው ነገር በደም ተጉዞ ኩላሊትን ይጎዳል። ላይ የሚታየው ሰንበር ትንሽ ቢሆንም፣ በቶሎ ካልታከመ ኩላሊቱ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ተሸክመን ወሰድነው። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏል። ግን ስድስት ሰዓት ሙሉ ያዘገየነው እኛ ነን፤ ያዘገየን ደግሞ ፍርሃት ነው።

በግንቦት 2015 የመስጊዶች መፍረስ ባስነሳው ተቃውሞ በአንዋር መስጊድ አካባቢ ሰዎች ሲሞቱና ሲቆስሉ፣ ሁላችንም ስለ ሟቾቹ ቁጥር እንጠያየቅ ነበር። ቁስሉን ደብቆ ቤቱ የተኛውን ግን ማን ቆጠረው?

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1996 ጥቃትን የሕዝብ ጤና ችግር ብሎ አውጇል። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበርም በ2018 የፖሊስን ጥቃት በስሙ ጠርቶ የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው ብሏል። እኛ ይህን የተረዳነው ከዚያች ሌሊት ነው። ዱላው ያረፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ክሊኒክ መሄድ የፈራው ግን ዶርሙ በሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ በር ሲንኳኳ የምንደነግጥ፣ ለፈተና ማጥናት ያቃተን፣ ጁምዓ ለመውጣት ያመነታን ነበርን።

ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓው አምስት ዓላማዎች አንዱ መሆኑን በየደርሱ እንሰማለን። ይህ የሙስሊሙም የሌላውም፣ የተማሪውም የፖሊሱም ነፍስ ነው። ስለዚህ የተመታ ጓደኛ ካላችሁ ብቻውን አትተዉት። ሽንቱን ጠይቁት፤ ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አብራችሁት ሂዱ፣ የሕክምና ወረቀቱንም አስቀምጡለት። የጤና ተማሪዎች ደግሞ ነገ ነጭ ጋውን ስትለብሱ፣ "ማን መታህ?" ከማለታችሁ በፊት "የት ያምሃል?" በሉ።

አላህ የተጎዱትን ያሽርልን። አሚን።