ስም ሲጠራ

ሶማሊላንድ፣ ሐርጌሳ ውስጥ ከሰው ጋር ተዋውቀህ ሳታበቃ ቅጽል ስሙ ይከተላል። በሶማልኛ «ናናይስ» ይሉታል። መሐመድና አሕመድ በበዛበት አገር ሰው ከሰው የሚለየው በእሱ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ስም ከጀርባ ነው የሚነገረው፤ ባለቤቱ ከሰማ ጠብ ነው። እዚህ ግን ፕሬዚዳንት ሳይቀር ይጠራበታል። በ1991 እ.ኤ.አ. የሶማሊላንድ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት አብዲራህማን አሕመድ አሊ «ቱር» ይባሉ ነበር፤ ጎባጣው እንደማለት። በ2010 የተመረጡት አሕመድ መሐመድ መሐሙድ «ሲላንዮ» ነበሩ፤ የእንሽላሊት ስም ነው። በ2024 መጨረሻ መንበሩን የተረከቡት አብዲራህማን መሐመድ አብዱላሂ ደግሞ «ኢሮ» ይባላሉ፤ ሽበታሙ። ጉብጡንም ሽበቱንም ከመሸፋፈን ስም አድርጎ ይዞ አደባባይ መውጣት! ይህን ነገራቸውን ወደድኩት።

ዘፋኟን ሳህራ ሃልጋንን ተመልከቱ። «ሃልጋን» ትግል ማለት ነው። ከሶማሊያው መሪ ከዚያድ ባሬ ጋር በተደረገው ጦርነት የቆሰሉ ታጋዮችን እያስታመመች ስትዘፍንላቸው የወጣላት ስም ነው። ስደት ፈረንሳይ፣ ሊዮን ድረስ ወሰዳት። ብዙ ዓመት ኖራ ስትመለስ ሐርጌሳ ላይ «ሂዶ ዳውር»ን ከፈተች፤ እየተበላ የቀደመው ዘፈን የሚሰማበት ቤት ነው። የቤቱም ስም «ባህልን ጠብቅ» ይላል። በጦርነቱ የወጣላትን ስም እንደያዘች ሄዳ፣ እንደያዘች ተመለሰች።

የሶማሌዎች የትውልድ ቆጠራማ ሌላ ነው። ልጅ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ጎሳው አባት ድረስ በቃሉ ይወጣዋል። እኛም ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር ኖረናል፤ እነሱም እኛም የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን። በዚህስ ዘመዳሞች ነን።

ለዚህ ነው የአንዲት ልጅ ነገር የከነከነኝ። በዚያው ጦርነት ከተማዋን በ1988 እ.ኤ.አ. የደበደበው ሚግ አውሮፕላን ሐውልት ሆኖ ከቆመበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ያገራችን ልጅ ናት። በወተት የፈላውን ሻይ አቅርባልኝ ሳመሰግናት አነጋገሬን ሰምታ ሳቀች። ስሟን ጠየቅኳት። አንድ ስም ነገረችኝና ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላውን፣ እናቷ ያወጣችላትን ነገረችኝ። በ«ጽ» ይጀምራል። ሶማልኛ ይህ ድምፅ የለውም። አሠሪዋ አልያዝላት ሲል በመጀመሪያው ቀን ሌላ አወጣችላት።

«አልከፋሽም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ለምጄዋለሁ። ቤት ስደውል ነው የራሴን የምሰማው።»

አሠሪዋን ክፉ አልላትም፤ ምላስ ያልለመደውን ማውጣት ይቸግራል። ግን ለጉብጥና ለሽበት ስም ቦታ ያለው ከተማ ለአንዲት «ጽ» ቦታ ቢያጣ አዘንኩ። ትንሽ ቢሞክሩ እኮ፣ «ጽ»ን በ«ስ» ተክተው እንኳ ቢጠሯት የራሷ ነበር።

ሒሳብ ልከፍል በላስቲክ የታሰረ የሽልንግ እስር ስፈታ፣ ከጓዳ አሠሪዋ በዚያ ባወጣችላት ስም ተጣራች። ልጅቷ ብርጭቆዎቹን በአንድ እጇ ሰብስባ ቀና አለች።

«አቤት!» አለች።