ሽታ የሌለው ጥድ

ከሻሸመኔ በስተ ሰሜን ባለችው በኩየራ፣ ክረምት ሲገባ የሲሚንቶ ወለል ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የምትመኘው የሐበሻ ጥድ ጣውላ ነበር። ጥድ ግን ከዝግባ፣ ከዋንዛና ከኮሶ ጋር በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ተከልክሎ ነበር፤ መከልከሉንም እደግፋለሁ። ከሌላ ቦታ የሚገኘው ደግሞ በእኔ ደመወዝ አይሞከርም።

በባሕር ማዶ የሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎች የቲክ እንጨት ሲወደድባቸው የጀልባቸውን ወለል በኮምፔንሳቶ አስመስለው ይሠራሉ። የእነርሱን ዘዴ ወሰድሁ። ከሥር ላስቲክ አንጥፌ፣ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆኑትን ኮምፔንሳቶዎች ዘረጋሁ፤ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣልና ከግድግዳው ጥቂት ክፍተት ተውሁ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በማስመሪያና በምስማር ጫፍ መስመር ጫርሁ። አስመሳይን የሚያጋልጠው የጣውላው ጫፍ ነው፤ የእውነተኛ ወለል ጣውላዎች ሁሉም በአንድ መስመር ላይ አያልቁምና አዛንፌ ቆራረጥኋቸው። መስመሮቹን በእርሳስ አጠቆርሁ። ለቀለም ከጀበና የተረፈ ወፍራም ቡና ሁለት ጊዜ ቀባሁ። ሲደርቅ ቫርኒሽ፤ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት፤ እንደገና ቫርኒሽ፤ እስከ ሦስት።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ በዝግታ ተራመደችበት። ከዚያ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«መልኩስ መጣ፤ ሽታው የት ቀረ?»

መልስ አልነበረኝም። እንግዳ ሲመጣ ግን «የጥድ ነው» ትላለች፤ ጎንበስ ብሎ ያሸተተ እንግዳ እስካሁን የለም።