ከጀፎረው ኋላ

በመስከረም አጋማሽ ወደ አገና የሚዘልቅ እንግዳ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በጀፎረው ላይ ነው። በግራና በቀኝ የሣርና የቆርቆሮ ክዳን ቤቶች ተሰልፈው፣ መካከሉ ሰፊ የሣር መስክ ሆኖ ተዘርግቶ ሲያየው፣ መንገድ ብቻ ይመስለዋል። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሸንጎውም የሚውለው ግን እዚያ ነው፤ ማንም አርሶ ወይም አጥሮ የግሉ እንዳያደርገው የአገሩ ልማድ ይከለክላል።

የሰው አገር ለማየት የወጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ጀፎረውን አይቶ፣ ክትፎውን ቀምሶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። አይፈረድበትም፤ የአዲስ አበባ ተማሪም ቢሆን ከዚህ የተለየ አያደርግም። ዊልያም ሻክ ግን ከቤቶቹ ኋላ፣ እንሰቱ ውስጥ ገባ። ሻክ የቺካጎ ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በለንደን የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የእዣ ጎረቤት በሆነው በቸሐ ሰንብቶ አጠና። በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይም ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ ጠራው። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሀብተማርያም ማርቆስ ጋር የጉራጌን የቃል ትውፊት አሳተመ።

እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ከደረሰ በኋላ ሥራው የሴቶች ነው። ጎረቤታሞች ተጠራርተው ግንዱን እየላጡ፣ በተጋደመ ሳንቃ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ አንድ እግርን አንሥቶ ልጡን ከሳንቃው ጋር አጣብቆ መያዝ ራሱ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ቃጫው ለብቻው ይወጣል። ከተጨመቀው ውኃ የሚዘቅጠው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ይሆናል። የቀረው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፤ እዚያም እየተብላላ ወራት፣ ሲልም ዓመት ይቆያል። ከክትፎው ጋር የሚቀርበው ቆጮ ይኸው ነው።

ሻክ በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሕዝቡ እንሰት ሞልቶት ሳለ ስለ ረኃብ ይጨነቃል፣ ያከማቻል፣ ቆጥቦ ይበላል አለ፤ ይህንንም ጭንቀት መንፈስ ከሚይዘው ሰው ሕመም ጋር አያያዘው። እዚህ ላይ ትጉሁ ተማሪ የቸኮለ ይመስላል። በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ሰሜኑን ሲፈጅ፣ እንሰት ተካዩ አገር በአንጻሩ ችግሩን ተቋቁሟል። ከሳንቃው ፊት ስትፍቅ የዋለች እናት ለቁጠባዋ ሌላ ስም ትሰጠው ነበር። ቢሆንም፣ ይህን ክርክር ለመክፈት እንኳ መጀመሪያ ጓሮ መግባት ያስፈልግ ነበር፤ እሱም ገብቷል። ከዚያው አገር ተነሥቶ ለትምህርት ባሕር ከተሻገረው ወጣት ስንቱ ስለ እናቱ መፋቂያ አንድ ገጽ ጻፈ?

ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገቡት የአገሩ ልጆች ጀፎረውን ይሞሉታል። በሬ ይጣላል፤ ደመራ ይደመራል። በዚያው ሰዓት ሴቶቹ በጓሮ የጉድጓዱን ድንጋይ አንሥተው፣ ቅጠሉን ገልጠው፣ ለስንት ሰው እንደሚበቃ በዓይናቸው ይመትራሉ።