ባል፣ እርሻና እንግሊዝኛ

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ደብተር ላይ ዘርዝራችሁ የሸመደዳችሁት የእንግሊዝኛ ቃል በማግስቱ ከጠፋባችሁ፣ አብራችሁ የፍቅር ታሪክ አንብቡ። ቃል ከታሪክ ጋር ሲመጣ በልብ ሥር ይሰዳል።

ቶማስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1874 ያሳተመውን «ፋር ፍሮም ዘ ማዲንግ ክራውድ» ውሰዱ። ዋናው ቅጂ ስለሚከብድ ለቋንቋ ተማሪዎች ከቀለለው ጀምሩ። ታሪኩ የሚፈጸመው በእንግሊዝ ገጠር ነው። እረኛው ገብርኤል የእርሻውን ባለቤት ቤርሳቤህን ይወዳታል፤ እርሷ ግን ወታደሩን ትሮይን አገባች።

በመከር ድግስ ሌሊት ትሮይ ሠራተኞቹን አስክሮ አብሯቸው ተኛ። ከባድ ዝናብ ሲያስገመግም፣ በመብረቅ መካከል የእህሉን ክምር የሸፈነው ገብርኤል ነው፤ ቤርሳቤህም ወጥታ አገዘችው። ከዚህ በኋላ «ሪክ» ማለት ክምር መሆኑን ማን ይረሳል? «ሼፐርድ»ም እንዲሁ ቀላል ነው፤ «ሺፕ» በግ፣ «ኸርድ» ጠባቂ።

አሁን «ሐዝበንድ» የሚለውን ተመልከቱ። ዛሬ ባል ማለት ነው፤ ጥንት ግን የቤት አስተዳዳሪ ማለት ነበር። እርሻና ከብት እርባታም እስከ ዛሬ «ሐዝበንድሪ» ይባላል። በዚያ ሌሊት ባል የተባለው ተኝቶ ነበር፤ የባልን ሥራ የሠራው ሌላ ሰው ነው።

እንግዲህ በየምሽቱ ሁለት ገጽ ይብቃችሁ። አንዳችሁ አንብቡ፣ ሌላችሁ ተርጉሙ፤ አምስት ቃል ብቻ ያዙ። ወንድሜ ሆይ፣ «ሐዝበንድ» ላይ ስትደርስ ግን መዝገበ ቃላቱን ዝጋና ትርጉሙን ሚስትህን ጠይቃት።